ሌሊት ልቤ ለምን ይዘላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው፦ ሐኪም መርምሮ «ልብዎ ጤነኛ ነው» ካለ በኋላም ሌሊት ሌሊት እየመጣ እንቅልፍ ስለሚነሣ የልብ ምት መዛባት። ምክሩ የተጻፈው ለተመረመሩ ሰዎች ነው። ያልተመረመረ አንባቢ አስቀድሞ ቢያንስ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳ ምርመራ) ይነሣ።

ጥያቄ፦ ጋደም ባልኩ ቁጥር ልቤ አንድ ምት ይዘልና ከዚያ ድው ብሎ ደረቴን ይመታዋል። ኢሲጂና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ። ታዲያ ለአፍታ የሚቆመው ለምንድን ነው?

አይቆምም። የተዘለለ የሚመስልዎት ምት እንዲያውም ቸኩሎ ቀድሞ የመጣ ምት ነው።

የልብን ምት የሚያስጀምረው በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው የልብ ክፍል የሚገኝ፣ ሳይነስ ኖድ የሚባል ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ነው። የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድና ልብ ይኮማተራል። ሌሎች የልብ ሕዋሳትም ምልክት ማመንጨት ስለሚችሉ አልፎ አልፎ አንዱ ተራው ሳይደርስ ልብን ያስመታዋል። ከላይኛው የልብ ክፍልም ከታችኛውም ሊነሣ ይችላል። እዚህ ሁለቱንም «ያለተራ ምት» እያልን እንጠራቸዋለን።

በቁጥር እንየው። ልብዎ በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ከሆነ በሁለት ምቶች መካከል 1 ሰከንድ አለ። ያለተራው ምት በግማሽ ሰከንድ ደረሰ እንበል። በዚያች ቅጽበት የታችኛው የልብ ክፍል ገና በደም አልሞላም፤ ስለዚህ የሚረጨው ደም ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አይሰማም፣ ትርታው የእጅ አንጓ ድረስ ላይደርስም ይችላል። ተከትሎ የሚመጣው መደበኛ ምልክት ደግሞ ጡንቻው ገና ሳያገግም ስለሚደርስ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። በዚህ ምክንያት እስከሚቀጥለው ምት 1 ሰከንድ ተኩል ያህል ዝም ይላል። «ቆመ» የሚያሰኘው ይህ ዝምታ ነው። በዝምታው ጊዜ ልብ ከወትሮው የበለጠ ደም ይሞላል፤ በደንብ የሞላ ልብ ደግሞ በኃይል ይኮማተራል። ደረትዎን ድው ያደረገው እንግዲህ ጤነኛውና መደበኛው ምት ነው፤ ጥፋተኛው ሳይሰማዎት አልፏል።

ልብ በ24 ሰዓት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ጤነኛ አዋቂዎች ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሆልተር የሚባል፣ የልብን ምት ያለማቋረጥ የሚቀዳ መሣሪያ ታስሮላቸው ሲቀዱ አብዛኞቹ ላይ ቢያንስ ጥቂት ያለተራ ምቶች ይገኛሉ። የብዛቱና የስሜቱ ነገር ግን አይገናኝም። አንዱ በቀን በሺዎች እየመጡበት ጨርሶ አያውቃቸውም፤ ሌላው 20 መጥተውበት ሃያውንም ይቆጥራል።

ጥያቄ፦ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ምንም የለም። አልጋ ላይ በግራ ጎኔ ስተኛ ይጀምራል። ሌሊት ለልብ የከፋ ሰዓት ነው ማለት ነው?

ልብዎ ሌሊት ሌላ ልብ አይሆንም። የሚለወጠው ፍጥነቱ፣ አቀማመጡና የእርስዎ ጆሮ ነው።

ቀን በደቂቃ 80 ወይም 90 ሲመታ በምቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ያለተራ ምት የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ሲተኙ ቫገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል፤ እንቅልፍ ውስጥ በደቂቃ ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ያለተራው ምት መግቢያ ያገኛል፣ ከኋላው የሚከተለው ዝምታም ይረዝማል፣ ድው የሚለውም ይጠነክራል። ሲያርፉ መጥቶ ደረጃ ሲወጡ የሚጠፋ ያለተራ ምት ሐኪሞች ሲሰሙ የሚረጋጉበት ዓይነት ነው። የሚያሳስባቸው በተቃራኒው እንቅስቃሴ ሲጨምር የሚጨምረው ነው።

በግራ ጎን ሲተኙ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፤ ያው ምት ቢሆንም ጎልቶ ይሰማል። ጆሮዎ ትራሱ ላይ ሲጫን ደግሞ በጆሮ አካባቢ ያለው የደም ሥር ትርታ ይሰማዎታል። በቀኝ ጎን መተኛት ወይም ከወገብ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ በጀርባ መተኛት ለብዙዎች ይሻላል። በግራ ጎን ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ወፈር ያለ ትራስ አቅፈው፣ ደረታቸውን ፍራሹ ላይ ከመጫን ይልቅ ትራሱ ላይ ያሳርፉት።

አንድ ችግር አለ፦ ቃር ያለበት ሰው በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ቃሩ ይብስበታል፣ ቃሩ ራሱም ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ልብን ያስደምጣል። እንዲህ ያለ ሰው የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጋቸው። ትራስ መደራረብ ግን አይተካውም፤ ሰውነት ወገብ ላይ ስለሚታጠፍ ሆድ ይጨመቃል፣ አሲዱም ወደ ላይ ይገፋል። ሙሉ ሆድ ይዞ መተኛትም እንዲሁ ነው፤ የተነፋ ጨጓራ ከልብ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ከታች ይገፋዋል። የመጨረሻው ምግብ ከመኝታ 3 ሰዓት ቀደም ቢል ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያነቃኛል። ከዚያ እጄን ዳብሼ ትርታዬን እየቆጠርኩ እስኪነጋ እቀመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እጅዎን ከአንጓዎ ላይ ያንሡ። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም። ያለተራ ምት ሲሰማ ድንጋጤ ይከተላል፣ ድንጋጤው አድሬናሊን ያስለቅቃል፣ አድሬናሊን ደግሞ ያለተራ ምቶችን ይጨምራል፣ እያንዳንዱንም ምት ኃይለኛ ያደርገዋል። ትርታ መቁጠር ይህን ዑደት እንዲሽከረከር ያደርገዋል፤ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ ሰው የሚቀጥለው ሳያመልጠው ይሰማዋል።

ከዚያ ጎንዎን ይቀይሩ። ካልበረደ ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡና ለ5 ደቂቃ ይተንፍሱ፦ 4 ሰከንድ በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ በቀስታ ወደ ውጪ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ስለሚፈጅ በደቂቃ 6 ትንፋሽ፣ በጠቅላላው 30 ትንፋሽ ይሆናል። ሰዓት ማየት አያስፈልግም፤ ጣቶችዎን እያጠፉ ሦስት ጊዜ አሥር ይቁጠሩ። ወደ ውጪ የሚወጣውን ያስረዘምነው ልብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ፈጠን፣ ወደ ውጪ ስንተነፍስ ዘግየት ስለሚል ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት አየሩን በጣም እየሳቡ ነው። ቀስ በል ሲባሉ በረጅሙ፣ በጥልቁ ይተነፍሳሉ። የዚህን ጊዜ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል፣ ልብም ይብሳል። መንዘር ከጀመረዎት ፍጥነቱን ሳይሆን መጠኑን ይቀንሱ፤ አጠገብዎ የተኛ ሰው የማይሰማው ትንፋሽ ይበቃል።

ቀስ ብሎ መተንፈስ የማይስማማቸውም አሉ። ያለተራው ምት ልብ ሲዘገይ የሚመጣባቸው ሰዎች በተረጋጉ ቁጥር ይበዛባቸዋል። እነዚህ የሚሻላቸው ተቃራኒው ነው፦ ቀስ ብለው ተነሥተው አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይቀመጡ፣ ከዚያ ለ2 ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ይመላለሱ ወይም ባሉበት እግራቸውን እያነሡ ይራመዱ። ልብ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ሲፈጥን ክፍተቱ ይጠባል፣ ያለተራው ምት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ከሁለቱ የትኛው ለእርስዎ እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ለአንድ ሳምንት፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ይሞክሩ። በአንድ ሌሊት ሁሉንም የሞከረ ሰው የቱ እንደረዳው አያውቅም።

ትንፋሽን ይዞ ማማጥ፣ ዐይንን መጫን፣ አንገትን ማሸት ይቅርብዎ። ማማጥ ድንገት ተነሥቶ በጣም ለሚፈጥን ሌላ ዓይነት የልብ ምት ሐኪም የሚያስተምረው ዘዴ ነው፤ ለያለተራ ምት አይጠቅምም። የአንገት የደም ሥሩ በጠበበ ሰው ላይ አንገት ማሸት ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል፤ ዐይንን መጫንም ዐይንን ይጎዳል።

20 ደቂቃ ያህል ቆይተው እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋው ይውረዱ። ደቂቃውን በግምት ይያዙት፤ ሰዓቱን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዙሩት። ደብዘዝ ባለ ብርሃን አሰልቺ ነገር ያንብቡ፣ ልብስ ያጣጥፉ፣ እንቅልፍ ሲጫንዎት ብቻ ይመለሱ። ጠዋት የሚነሡበትን ሰዓት ግን አይቀይሩ፤ ሌሊት ያጡትን ቀን መካስ የሚቀጥለውን ሌሊት ያበላሸዋል። ስልክዎን ከፍተው ስለ ልብ ሕመም መፈለግ ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኙት ሁሉ የሚያስፈራው ብቻ ነው።

የጆሮው ትርታ የሚረብሻቸው የማራገቢያ ወይም የዝናብ ድምፅ ያለ ዝቅተኛ የማያቋርጥ ድምፅ ቢከፍቱ ይሸፈንላቸዋል። አንድ ትንሽ ነገርም እንጨምር፦ የሚሰማዎትን በስሙ ይጥሩት። «ቀድሞ መጣ፤ አረፈ፤ ያ ደግሞ ጠንካራው ነው።» ይህን ቀን ላይ በወረቀት ጽፈው ከአልጋው አጠገብ ያኑሩት። ሌሊት ከእንቅልፍ የባነነ አእምሮ ቀን የተረዳውን ማስታወስ ይቸግረዋል።

ማስታወሻ መያዝ ከፈለጉ ጠዋት ይጻፉት፣ አንድ መስመር ብቻ፦ ስንት ጊዜ እንዳነቃዎት፣ ማታ የበሉትና የጠጡት፣ የተኙበት ሰዓት። ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲቀጥል መዝገቡ ራሱ ሌላ ዓይነት ትርታ ቆጠራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቡናና ሻይ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ለውጥ የለም። ምን ቀረኝ?

ለውጥ ከሌለ የጠዋት ቡናዎን ይመልሱ። ቡና የሚወቀሰውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ውጤቱ በታተመ አንድ ጥናት 100 ጤነኛ አዋቂዎች በዕጣ በተመደቡ ቀናት አንዳንዱን ቀን ቡና እየጠጡ፣ ሌላውን ቀን ሳይጠጡ ልባቸው ያለማቋረጥ ተቀድቷል። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡት ያለተራ ምቶች ያን ያህል አልጨመሩም። ከታችኛው የሚነሡት ግን በቀን ከ102 ወደ 154 ገደማ ከፍ ብለዋል። እንቅልፍ ደግሞ ቡና በተጠጣባቸው ቀናት በግማሽ ሰዓት ያህል አጠረ። ለሌሊቱ ችግር ትልቁን ቁም ነገር የምናየው እዚህ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። ካፌይን በደም ውስጥ ካለው መጠን ግማሹ የሚወገደው በአማካይ በ5 ሰዓት ያህል ነው፤ በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መከላከያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ይረዝማል። ከምሳ በኋላ የሚጠጣው ስኒ በመኝታ ሰዓትም ገና አልወጣም።

የእርስዎን ልብ ቡና የሚያውከው መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ያለ ቡና፣ ሁለት ሳምንት ከቡና ጋር ማሳለፍና የነቁባቸውን ሌሊቶች ማነጻጸር ይበቃል። ሲያቆሙ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ በአንድ ጊዜ ካቆሙ በማግሥቱ ራስ ምታት ይመጣል።

ቀጥሎ ወደ አልኮል ይዙሩ። ማታ የተጠጣ አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል፣ የልብን ፍጥነት ከፍ ያደርጋል፣ ማንኮራፋትንም ያባብሳል። ከማታው መጠጥ በኋላ ወደ ንጋት ገደማ እየባነኑ ልባቸውን የሚያዳምጡ ሰዎች ጥፋቱን ወደ ሌላ ሲያላክኩ እናያለን። ሲጋራና ማንኛውም ኒኮቲንም ያው ነው።

የመድኃኒት ሣጥንዎንም ይፈትሹ። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ፣ ሱዶኤፈድሪን ያለባቸው የጉንፋን እንክብሎች ልብን ያነቃቃሉ። የአስም መርጫው ሳልቡታሞልም እንደዚሁ፤ እሱን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እያስፈለገዎት ከሆነ አስሙ በደንብ አልተያዘም ማለት ነውና ሐኪምዎ ሕክምናውን ያስተካክል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን የሚወስዱ መጠኑ በዝቶባቸው እንደሆን ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ያስለኩ። የደም ማነስም አንዱ መነሻ ነው፤ በተለይ የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ሄሞግሎቢናቸውን ሳይታዩ እንዳያልፉ።

ጥያቄ፦ ማግኒዥየም ያድንሃል ተብዬ ገዛሁ። ልውሰደው? ፖታሲየምስ?

ማግኒዥየምና ፖታሲየም የልብ ሕዋስ ከአንድ ምት በኋላ ለቀጣዩ የሚያገግምበትን የኤሌክትሪክ ሥራ ይደግፋሉ፤ ሲያንሱ ያለተራ ምት ይበዛል። የሚያንሱት ግን ምክንያት ሲኖር ነው፦ የሚያሸና መድኃኒት፣ የቆየ ተቅማጥ ወይም ትውከት፣ ብዙ አልኮል፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎት ደምዎ ይለካ። ፖታሲየም በተለምዶ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ነው።

ማነሱ ካልታየ ከእንክብሉ ብዙ አይጠብቁ። ልሞክረው ካሉ መጠኑን ይወቁ፦ ከእንክብል የሚወሰደው ማግኒዥየም በቀን እንዳያልፍ የተቀመጠው ጣሪያ በአሜሪካ 350፣ በአውሮፓ 250 ሚሊ ግራም ነው። ሲበዛ መጀመሪያ የሚመጣው ተቅማጥ ነው፤ ተቅማጡ ደግሞ ፖታሲየምን ይዞ ስለሚወጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ከእንቅርት ሆርሞን እንክብል 4 ሰዓት ያራርቁት፤ ከሲፕሮፍሎክሳሲንና ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ ሲወሰድም አንቲባዮቲኩን ያስርና ሥራውን ያጠፋዋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ጨርሶ አይውሰደው።

ፖታሲየምን በራስዎ አይጀምሩ። ኩላሊት ከደከመ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶች ከተወሰዱ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ከመጠን ያለፈ ፖታሲየም ደግሞ ልብን በእውነት ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ የጣት ኦክሲጅን መለኪያው ሌሊት 36 የልብ ምት አሳየኝና ሆስፒታል ሮጥኩ። እዚያ 72 ነው ተባልኩ። የቱን ልመን?

ሁለቱም የለኩትን በትክክል ነግረውዎታል። የጣት መለኪያና አብዛኛው የእጅ ሰዓት የሚቆጥሩት የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሳይሆን ጣት ወይም አንጓ ላይ የደረሰውን የደም ግፊት ሞገድ ነው። ያለተራው ምት የሚልከው ደም ጥቂት ስለሆነ አይቆጠርም። ምቶቹ አንድ መደበኛ፣ አንድ ያለተራ እያሉ ሲፈራረቁ ልብ 72 ጊዜ መትቶ መሣሪያው 36 ብቻ ያያል። ሆስፒታል ውስጥ በኢሲጂ የተቆጠረው ትክክለኛው ነው። ራስዎን ካልሳቱ፣ ካልዞረብዎትና ትንፋሽ ካላጠረዎት በቤት ውስጥ የታየ ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን የሚያስሮጥ አይደለም፤ በቀጠሮዎ ጊዜ ግን ይናገሩት።

ኢሲጂ የሚያነሡ የእጅ ሰዓቶች ይሻላሉ፤ የ30 ሰከንድ ቅጂያቸውን ለሐኪም ማሳየት ይጠቅማል። ያለተራ ምት ሲበዛ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም መኖር አለመኖሩንም መለየት አይችሉም። የደም ግፊት መለኪያው የተዛባ ምት ምልክት ካበራ ደግሞ የመጀመሪያውን ውጤት ይተዉት። 5 ደቂቃ ዐርፈው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለኩና አማካዩን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሆልተሬ በ24 ሰዓት 4,200 ያለተራ ምት ቆጠረ። ሐኪሙ አትጨነቂ አለኝ፤ ቁጥሩ ግን አስፈራኝ።

ቁጥሩን በጠቅላላው ያካፍሉት። በዚያ ቀን ልብዎ 95,000 ጊዜ መትቶ ከሆነ 4,200 ከመቶ 4.4 ያህል ነው። የልብ ሐኪሞች ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ያለተራ ምቶች ከጠቅላላው ከመቶ 10 ሲያልፉ ጠበቅ ያለ ክትትል ይጀምራሉ፤ እንዲህ ሲበዙ ለዓመታት ከቆዩ የአንዳንድ ሰው ልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። እርስዎ ከዚያ በታች ነዎት፣ ኢኮዎ ደህና ከሆነም ሐኪምዎ ያሉት ትክክል ነው። ቁጥሩ ከቀን ቀን በጣም ስለሚለዋወጥ የሚቀጥለው ሆልተር 1,500 ወይም 7,000 ቢል አሻለኝ ወይም ባሰብኝ ለማለት አይበቃም። ሐኪምዎን ከቁጥሩ ጋር ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ምቶቹ ከአንድ ቦታ የሚነሡ ናቸው ወይስ ከብዙ? ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታትለው የመጡበት ጊዜ አለ?

ጥያቄ፦ ለምን በመድኃኒት አያጠፉልኝም?

ማጥፋት በራሱ ግብ ስላልሆነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ድንገተኛ የልብ ሕመም አልፎባቸው ያለተራ ምት የሚታይባቸውን ሰዎች በፍሌካይናይድና በኤንካይናይድ ለማከም ካስት የተባለ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። መድኃኒቶቹ ምቶቹን አጠፉ፤ መድኃኒቱን ከሚወስዱት የሞቱት ግን ምንም መድኃኒት የሌለው እንክብል ከሚወስዱት በልጠው ተገኙ። በ1989 እንዲቆም ተደረገ። ሐኪምዎ ጤነኛ ልብ ላይ መድኃኒት ለማዘዝ የሚያመነታው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ስሜቱ ኑሮን ካወከ መጀመሪያ የሚሞከረው እንደ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ያለ ቤታ ብሎከር በትንሽ መጠን ነው። ምቶቹን ባይቀንስ እንኳ የእያንዳንዱን ኃይል ስለሚያለዝብ ድው የሚለው ይቀላል። ነገር ግን እረፍት ላይ ልቡ በደቂቃ 50 ገደማ ለሚመታ፣ ያለተራው ምትም ልብ ሲዘገይ ለሚመጣበት ሰው ክፍተቱን የበለጠ ሊያሰፋበት ይችላል። አስም ያለበት ሰው ሳይናገር አይጀምር፤ የጀመረም በድንገት አያቁም። ፕሮፕራኖሎል አንዳንዱን ሰው በቅዠት ያባንናል፤ እንቅልፍ ፈልጎ ለመጣ ሰው ይህ ክፉ ንግድ ነው። ምቶቹ በጣም ሲበዙና ከአንድ ቦታ ሲነሡ ከብሽሽት በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ያችን ቦታ ማቃጠል ይቻላል፤ ለጥቂቶች እንጂ ለሁሉም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ደህና ነህ ተብያለሁ። ደግሜ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ራስዎን ከሳቱ ወይም ሊስቱ ከደረሱ፣ በተለይ እየሮጡ ወይም እየሠሩ ሳለ፤ ደረትዎን እያጨነቀ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰማ፤ ትንፋሽ ካጠረ፤ ዐርፈው ተቀምጠው ልብዎ በደቂቃ ከ120 በላይ እየመታ አልበርድ ካለ፤ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። በቤተሰብዎ ከ40 ዓመት በታች ድንገት የሞተ ሰው ካለና ለሐኪም ካልነገሩ ደግሞ ቀጠሮ ይያዙ።

ድንገተኛ ባይሆንም የማይዘገይ አንድ ነገር አለ። አመልካችና መሃል ጣትዎን በአውራ ጣት በኩል አንጓዎ ላይ አሳርፈው አንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ያድምጡ። አውራ ጣትዎን አይጠቀሙ፤ የራሱ ትርታ ያሳስትዎታል። ያለተራ ምት ያለበት ሰው የሚያገኘው አልፎ አልፎ የሚደናቀፍ፣ ከዚያ ወደ ስልቱ የሚመለስ ትርታ ነው። ጭራሽ ስልት ከሌለው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር እያለ መያዣ ካጡለት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዓት አጥቶ የሚንቀጠቀጥበት ሕመም) ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ሲጨምር ይበዛል፣ ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ እያደረገ ስትሮክ ያመጣል። ምንም ሌላ ሕመም ባይኖርዎ በቀናት ውስጥ ኢሲጂ ይነሡ፤ ትርታው እንደተዛባ ሳለ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ልቤ አስነሣኝ እያለ ይባንናል። እኔ የምሰማው ግን ሲያንኮራፋ ነው።

እርስዎ የሰሙት ሳይሆን አይቀርም መነሻው። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ ከ10 ሰከንድ በላይ ቆይቶ በሲቃ የሚመለስ ከሆነ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ሳይኖርበት አይቀርም። ኦክሲጅን ይወርዳል፣ አንጎል በድንጋጤ ያነቃዋል፣ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ያለተራው ይመታል፤ እሱ የሚያውቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋ፣ የደም ግፊቱም አልወርድ ያለ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሲያንኮራፋ በስልክዎ ድምፁን ለጥቂት ደቂቃ ይቅዱትና ሐኪሙ ዘንድ አብረውት ይሂዱ። የእንቅልፍ ምርመራ ተደርጎለት ከተረጋገጠ በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ አልኮል መተውና አየር በግፊት የሚሰጠው የአፍንጫ ጭምብል ትንፋሹን ያስተካክሉለታል።